«ምን አገባኝ»ን የሻረው ሕግ

በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እናቶች በተገናኘን ቁጥር የምናነሳው ስጋት አለ፤ «ሶሻል ሰርቪስ ከመጣ ፖሊስ ይከተላል» የሚል። አሠራሩ ለምን እንደመጣ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅመናል።

እ.ኤ.አ. በ1874 በኒው ዮርክ ሜሪ ኤለን የተባለች ሕፃን በአሳዳጊዋ ክፉኛ ትደበደብ ነበር። ኤታ ዊለር የተባሉ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ጉዳዩን ቢሰሙም ልጅቷን ለማውጣት የሚረዳቸው አጡ። በመጨረሻ የሄዱት የእንስሳት ጥቃት መከላከያ ማኅበር መሥራች ወደ ነበሩት ወደ ሄንሪ በርግ ነው። በእሳቸው እርዳታ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ አሳዳጊዋም የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደባት። በዚያው ዓመት ለሕፃናት የቆመ ተመሳሳይ ማኅበር ተመሠረተ። ሆኖም ጥቃት ያየ ሰው እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ሕግ ገና አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው በ1962 ዶክተር ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጽሑፍ ነው። «ወድቆ ነው» እየተባለ ሆስፒታል የሚመጣ ሕፃን አጥንቱ የተሰበረው በድብደባ ሊሆን እንደሚችል ለሐኪሞች አሳዩ። በ1967 ሁሉም ክፍለ ግዛቶች የማሳወቅ ሕግ ነበራቸው። በመጀመሪያ ግዴታው ያተኮረው በሐኪሞች ላይ ነበር፤ በኋላ መምህራንን፣ ነርሶችንና የሕፃናት ተንከባካቢዎችን ጨመረ።

እኛ የምንኖርባት ካሊፎርኒያ ዛሬ የሚሠራበትን ሕግ ያወጣችው በ1980 ነው። በሕጉ መሠረት የካውንቲው ማኅበራዊ አገልግሎት የጥቃት ጥቆማ ሲደርሰው ወዲያው ለፖሊስ በስልክ ያሳውቃል፤ በ36 ሰዓት ውስጥም በጽሑፍ ይልካል። የማኅበራችን ቼክ በሁለት ፊርማ እንደሚወጣ ሁሉ፣ የልጅ ሕይወትም ለአንድ ቢሮ ውሳኔ ብቻ አይተውም። አንዱ የልጁን ደኅንነት ያያል፤ ሌላው ወንጀል መፈጸሙን ይመረምራል። በልጁ አካል ላይ ጉዳት ያላደረሰ ተራ የአያያዝ ጉድለት ግን ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ ውስጥ አይገባም። ይህን ማወቅ ፍርሃታችንን ያቀልልናል።

በዴይኬር፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል የምንሠራ አባላት ግዴታው በራሳችን ላይ ነው። ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይበቃል፤ ማስረጃ መሰብሰብ አይጠበቅብንም። ለአለቃ መንገር ብቻውን ግን ከኃላፊነት አያድነንም፤ ራሳችን መደወል አለብን። የሰውን ገመና መሸፈን ያደግንበት ደግ ባህል ነው። የልጅ ስብራት ግን ገመና አይደለም።