ማርትሬዛ ብርና ስሙ ያልተጻፈው አንጥረኛ

ከእድራችን አባላት ጥቂቶቻችን ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጎብኝተን ነበር። ስላየነው ሁሉ እንጻፍ ብንል ገጹ አይበቃንም። ብዙ የቆምነው ግን ከመስቀሎቹና ከብር ጌጣጌጦቹ ዘንድ ነው። እናቶቻችን አልቦውን፣ አምባሩን፣ ድሪውን እያሳዩ «ይኼ እኮ የእኛም ቤት ነበር» ሲሉ፣ ነገሩ ጉብኝት መሆኑ ቀርቶ የቤተ ዘመድ ጨዋታ ሆነ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ብር ከየት መጣ? በ19ኛው ምዕተ ዓመትና ከዚያም ወዲህ ከተሠሩት ጌጦች ብዙዎቹ ቀልጦ የተሠራ ገንዘብ ናቸው። ገንዘቡም ማርትሬዛ ነው። በላዩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1780 ሲሆን፣ ከሞተችም በኋላ ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ ጥሩው ብር 23 ግራም ይሆናል። የገበያው ሰው በቀላሉ አይታለልም፤ በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጥሮ 9 ካልሞሉ አልቀበልም ይል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክ ያለበት ብር ፓሪስ አስመትተው ቢያመጡም፣ ባላገሩ የለመዳትን ሴትዮ አልለቅም አለ። ማርትሬዛ ከገበያ እየራቀ የሄደው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ ወዲህ ነው።

ጌጥ የሚያሠራ ሰው ብሩን ራሱ ይዞ ወደ አንጥረኛው ይሄዳል። አንጥረኛው በወናፍ ከሰሉን አግሞ ያቀልጣል፣ ይጠፈጥፋል፣ በመሮና በሞረድ ያወጣዋል። ባለጌጡ ከፈለገ ስመ ክርስትናውን ያስቀርጽበታል። የሠሪው ስም ግን አይጻፍም። ያንን የመሰለ መስቀል የሠራ እጅ ባለቤት «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» ሲባል ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ስድቡ በአንድ ቀን አልቀረም። እኛም በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ተናግረነዋልም።

በመዝገባችን የአባሉን ሁሉ ስም የምንጽፍ ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ከነከነን። ከዚህም ሌላ የሚቆጨን አለ። ከአባሎቻችን አንዱ ካረፉ በኋላ ቤተሰቡ ቸግሮት የአያትን ድሪ አንድ ወርቅ ቤት ወሰደ። እዚያም በሚዛን ተመዝኖ በግራም ተሸጠ። ማን እንዳሠራው፣ የት እንደተሠራ የጠየቀ የለም። እኛም ያወቅነው ከተሸጠ በኋላ ነው።

ከሙዚየሙ ስንወጣ አንዲት እናታችን በር ላይ አቆሙንና ከነጠላቸው ሥር መስቀላቸውን አወጡ። «እስቲ አንብቡልኝ ልጆቼ፣ ዓይኔ ደክሟል» አሉን። ገልብጠን ብናየው «ወለተ ማርያም» ይላል። የአያታቸው ስመ ክርስትና ነው። «አንጥረኛውስ ማን ነበር?» ብንላቸው ትንሽ አሰቡ። «ቤቱ ከወንዙ ማዶ እንደነበር አያቴ ነግራኛለች፤ ስሙን ግን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም» አሉ።