የገዢው አደራ፦ ከሙሕተሲቡ ገበያ እስከ ዳካ

የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቅና ቃዲ የነበሩት አል-ማወርዲ (የሞቱት በ450 ዓ.ሂ./1058 እ.ኤ.አ.) «አል-አሕካም አስ-ሱልጣኒያ» በተሰኘው ድርሳናቸው የሙሕተሲብን ሥልጣን ሲዘረዝሩ የቅጥር ሠራተኛን ጉዳይ አልዘነጉም። አሠሪው ክፍያ ከቀነሰ ወይም ሥራ ካበዛ ሙሕተሲቡ ይገታዋል፤ ሠራተኛውም ሥራውን ካጓደለ እንዲሁ። ሁለቱ ከተካካዱ ግን ፍርዱ የቃዲው ነው። ይህ ሥርዓት የቆመው አሠሪ፣ ሠራተኛና ተቆጣጣሪ በአንድ ገበያ በሚተያዩበት ዓለም ነው።

የገዢውን ድርሻ በስፋት የመረመሩት ኢማም አል-ገዛሊ (505 ዓ.ሂ./1111 እ.ኤ.አ.) ናቸው። በ«ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» የባለ ንብረቱን ሁኔታ ያልታወቀ፣ አጠራጣሪና የታወቀ ብለው ይከፍላሉ። ያልታወቀውን መመርመር ግድ አይልም፤ አጠራጣሪ ምልክት ሲታይ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በዳካ አቅራቢያ፣ በሳቫር፣ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች ነበሩ። ስንጥቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን እንዲገቡ ታዘዙ። ከዚያ በኋላ ገዢ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት አስገዳጅ ስምምነት ፈረሙ፤ ፋብሪካዎች እንዲፈተሹ፣ ለጥገናው አቅም የሚሰጥ የግዢ ውል እንዲኖርና ጥገናን እምቢ ካለ አቅራቢ ጋር ንግዱ እንዲቋረጥ ደነገጉ።

ርቀት የሙሕተሲቡን ዐይን ጋርዷል፤ የገዢውን ተጠያቂነት ግን አላነሣም። ለመስጊድና ለመድረሳ ዕቃ የሚገዛም ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለ ሠሪው ሐቅም ሊጠይቅ ይገባዋል።