የእርግዝና ምልክቶችና የወባ ወቅት በጣና ዳርቻ

«ነፍሰ ጡር» የሚለው ቃል ከግዕዝ የመጣ ሲሆን ነፍስን የተሸከመች ማለት ነው። ያች ነፍስ መኖሯን ቀድሞ ማወቅ ሐኪም ሳይኖር ጀምሮ የሴቶች ጥበብ ነበር። በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ዳርቻ ባሉ መንደሮች እናቶችና የልምድ አዋላጆች የወር አበባ መቅረትን፣ ማቅለሽለሽን፣ አምሮትን፣ የጡት መወጠርን፣ የፊት ማድያትን፣ በኋላም የጽንሱን መንቀሳቀስ እያስተዋሉ እርግዝናን ይለያሉ።

የሕክምና ትምህርት ይህን ዕውቀት አልሻረውም፤ ምልክቶቹን እንደ አስተማማኝነታቸው ከሦስት ከፈላቸው እንጂ። ሴቲቱ የምትናገራቸው አጠራጣሪ ተባሉ። የማኅፀን በር ወደ ሰማያዊነት መለወጥና የማኅፀን መለስለስ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ከቻድዊክና ከሄጋር ስም ጋር የተያያዙት፣ አመላካች ሆኑ። አረጋጋጭ የሚባሉት ግን የጽንሱን የልብ ምት መስማትና ጽንሱን በአልትራሳውንድ ማየትን የመሳሰሉ ጥቂቶች ናቸው።

በጣና ዳርቻ ይህ ክፍፍል ልዩ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 ግድም ከሐይቁ በስተሰሜን በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው እልቂት ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። እነዚህ ባለሙያዎች በየጤና ጣቢያው የገጠማቸው ችግር ዛሬም አልቀረም። ክረምቱ ሲወጣ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ የያዛት ሴት ስትመጣ ወባ ነው ወይስ እርግዝና? ወይስ ሁለቱም?

የወር አበባ መቅረትም ብቻውን አይፈታውም። የምታጠባ ወይም የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወስድ ሴት ደሟን ሳታይ ወራት ልትቆይ ትችላለች፤ የምታጠባዋ ደግሞ ደሟ ሳይመለስ ልታረግዝ ትችላለች።

የላቦራቶሪው መንገድ ረጅም ነበር። በ1920ዎቹ ማብቂያ አሽሃይምና ዞንደክ በጀርመን የሴቲቱን ሽንት ያልደረሱ አይጦችን እየወጉ እንቁልጢያቸውን መረመሩ፤ ውጤቱ ቀናት ይፈጅ ነበር። በ1930ዎቹ የደቡብ አፍሪካ እንቁራሪት ተተካች፤ ሽንቱን ተወግታ በአንድ ቀን ውስጥ እንቁላል ከጣለች እርግዝና አለ ይባል ነበር። በ1960 በስዊድን እንስሳ የማይሻ የበሽታ መከላከያ አካላትን የሚጠቀም ምርመራ ተገኘ፤ የዛሬው የሽንት ወረቀትም ያንኑ ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል። ቢሆንም ከአመላካች ምልክቶች ወገን ነው እንጂ አረጋጋጭ አይደለም፤ ጽንሱ በማኅፀን ውስጥ መሆኑንም አይናገርም።

የመድኃኒቱ መሻሻል ጥያቄውን ይበልጥ አክብዶታል። የቫይቫክስን ወባ ከጉበት የሚያጠራው ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። አርቴሜተር ሉሜፋንትሪንም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሳይፈቀድ ከቆየ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደው በ2022 ነው። በሌላ በኩል ወባው ራሱ ሳይታከም ቢቀር ለእናቲቱ ደም ማነስን፣ ለጽንሱ ውርጃን ወይም ዝቅተኛ የልደት ክብደትን ያስከትላል። ስለዚህ ትኩሳት ያላትን ሴት «እርጉዝ ትሆን ይሆናል» ብሎ ያለ መድኃኒት መመለስም፣ ሳይጠይቁ መስጠትም ሁለቱም ስሕተት ነው።

ብዙ ሴቶች የሰው ዓይን ፈርተው የመጀመሪያዎቹን ወራት ለማንም አይናገሩም። ወረፋ በሞላበት ክፍል፣ አማት ወይም ባል አጠገብ ቆመው የሚጠየቅ ጥያቄ እውነቱን አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው ማሰማራቱ ለዚህ ትልቅ በር ከፍቷል፤ ምክንያቱም ከምርመራው ሁሉ የሚቀድመው ለብቻ፣ በአክብሮትና በዝግታ የሚቀርበው «መጨረሻ የወር አበባ ያየሽው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ ካጠራጠረ ሽንት ይመርመር፤ ወረቀቱ ከሌለ ወይም ውጤቱ ካላሳመነ እርግዝና አለ ተብሎ መድኃኒቱ ይመረጥ። የመንደር እናቶች በትዕግሥት የሚያስተውሉት ምልክትና የላቦራቶሪው ወረቀት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።