ዳግማዊ አባ ጅፋር፦ አገራቸውን በግብር የጠበቁ መሪ

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ስለ አንድ ሙስሊም መሪ ነው።

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቡና የጫነ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ በቦንጋ አልፎ ጅማ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ከከተማይቱ አጠገብ ባለው የጅሬን ኮረብታ ላይ አንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት አለ፤ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት ነው። እኒህ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1878 ገና በወጣትነታቸው ነገሡ፤ እስከ 1932ም የጅማ ንጉሥ ሆነው ኖሩ።

በዚያ ዘመን በጊቤ ወንዝ ዙሪያ አምስት መንግሥታት ነበሩ፦ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። በ1880ዎቹ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር በራስ ጎበና እየተመራ ሲመጣ ሌሎቹ አራቱ ነፃነታቸውን አጡ፤ ነገሥታታቸውም ጠፉ። አባ ጅፋር ግን ሳይዋጉ ግብር ለመክፈል ተስማሙ። እንዲህ እንዲያደርጉ የመከሯቸው እናታቸው ጉሚቲ እንደሆኑ ይነገራል። በዚህም ምክንያት ጅማ አልተዘረፈችም፤ የውስጥ አስተዳደሯም በገዛ ንጉሧ እጅ ቀረ።

ይሁንና ግብር በየዓመቱ ለመክፈል የተደራጀ መንግሥት ያስፈልጋል። በጅማ አውራጃዎቹን የሚገዙት አባ ቆሮ የሚባሉት ሹማምንት ነበሩ፤ ሿሚያቸውም ሻሪያቸውም ንጉሡ ነው። በየበሩ ቀረጥ የሚቀበለውና ገቢ ወጪውን የሚቆጣጠረው አባ ኬላ ሲሆን፣ ወደ ሌሎች ነገሥታት በመልእክተኛነት የሚላከው ደግሞ አባ ለሚ ይባላል። የሒርማታ ገበያም ከየአገሩ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ሆነ። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሸጥበት ነበር። አባ ጅፋር ዑለማእን ያከብሩ ስለነበር ጅማ ደረሶች ከሩቅ የሚመጡባት የዒልም አገር ሆነች። በመካም ለሐጃጆች ማረፊያ ቤት እንዳዘጋጁ ይነገራል።

ውድ አድማጮች፣ ታሪክ ስንናገር የሚያስደስተንን ብቻ መርጠን መናገር አይገባም። በሒርማታ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደቡብ ምዕራብ አገሮች የተማረኩ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚያ ያልፉ ነበር፤ የንጉሡም ቤት ባሮች የሞሉበት ነበር። በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋን ሲወጋ የጅማ ጦር አብሮ ዘመተ። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተይዘው ታሰሩ፤ ዳግመኛም ዙፋናቸውን አላዩም። ከዚያ በኋላ የሸካና የቤንች አገሮችም ተያዙ። ስለዚህ ጅማ ያገኘችው ሰላም ለጎረቤቶቿ ሰላም አልሆነም። በቦንጋ፣ በሚዛንና በቴፒ ያሉ ሽማግሌዎች ይህን ዘመን በሌላ ስሜት ቢያስታውሱት የሚያስገርም አይደለም።

አባ ጅፋር በእርጅና ሲደክሙ ሥልጣኑ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ አባ ጆቢር ተላለፈ። ነገር ግን በ1932 የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጅማን በቀጥታ በእጁ አስገባ፤ አባ ጆቢርም ታሰሩ። አባ ጅፋርም በዚያው ዓመት አረፉ። ለሃምሳ ዓመታት ያህል የቆየው ስምምነት በዚህ አበቃ።

እንግዲህ ምን እንበል? ሕዝባቸውን ከእልቂት ያዳኑ ብልህ መሪ ነበሩ ብንል እውነት ነው። የሌላው ሕዝብ መከራ ተካፋይ ሆነዋል ብንልም እውነት ነው። አንዱን እውነት ለመጠበቅ ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም። አላህ ፍትሕን ያዘዘን በራሳችንም ላይ ቢሆን እንድንመሰክር ነውና። ጅማ ስትደርሱ ልጆቻችሁን ወደ ጅሬን ይዛችሁ ውጡ፤ ቤቱን አሳዩአቸው፤ ታሪኩንም ሙሉውን ንገሯቸው።