ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚለው ማን ነው? ከፎገራ የመሬት ይዞታ አንጻር

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት እንደሌለው ይደነግጋል። ቃሉ ግልጽ ነው፤ ነገሩ የሚወሳሰበው “ይቃረናል” ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው።

በምሳሌ እንየው። በፎገራ፣ በወረታ ከተማ ዳር ያለ የአንድ ገበሬ ማሳ ለከተማ ማስፋፊያ ተፈለገ እንበል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ሩዝ ከመግባቱ በፊት በአብዛኛው ግጦሽ ነበር፤ ዛሬ የቤተሰብ ጉሮሮ ነው። አንቀጽ 40 መሬቱን የመንግሥትና የሕዝብ ቢያደርገውም ገበሬው ከይዞታው እንዳይነቀል ዋስትና ይሰጠዋል፤ አንቀጽ 44 ደግሞ ለሚፈናቀል ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ ይላል። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ካሣውን በቀደሙት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ ዐሥር እጥፍ ተመነው። ገበሬው በካሣው መጠን መከራከር ይችል ነበር፤ “መሬቴ መወሰድ የለበትም” የሚለው ክርክሩ ግን በአዋጁ ውስጥ የፍርድ ቤት መንገድ አልነበረውም። አንቀጽ 37 ለፍርድ ሊቀርብ የሚገባን ጉዳይ የማቅረብ መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቶ ሳለ፣ ይህ ክልከላ በእኔ እምነት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይታረቅም።

ይህ አዋጅ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1161 ተተካ፤ ካሣው ዐሥራ አምስት እጥፍ ሆነ፣ በማስለቀቂያ ትእዛዙም ላይ አቤቱታ ተፈቀደ። ያሻሻለው ግን ሕግ አውጪው ራሱ ነው። መሻር ሕጉ ከእንግዲህ አይሠራም ማለት ነው፤ ተቃረነ መባል ግን ከመነሻው ሥልጣን አልነበረውም ማለት ነው፤ ልዩነቱ ቀድሞ መሬቱን ላጣው ሰው ቀላል አይደለም።

ሕግ ንጹሕ መስሎ አፈጻጸሙ ሲጣመምስ? በ1989 በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በቀደሙት መንግሥታት ሹመት ነበራቸው በሚል “ቢሮክራት” የተባሉ ገበሬዎች ይዞታ በአንድ ሄክታር፣ ማለትም በአራት ጥማድ ተወሰነ፤ ለሌላው ጣሪያው ሦስት ሄክታር ነበር። በዚያው ዓመት የሽግሽጉ ሕገ መንግሥታዊነት ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ቀርቦ ተቀባይነት አላገኘም። አሥራ አንድ አባላት ያሉት ጉባኤ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ይምሩት እንጂ፣ የሚያጣራ ነው፤ የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በክልል ምክር ቤቶች የሚመረጡ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት የፖለቲካ አካል የክልልን አዋጅ ሲመረምር ገለልተኝነቱ ያጠያይቃል።

የወረታው ገበሬስ? አጣሪ ጉባኤው ዘንድ ለመድረስ በአስተዳደሩም በፍርድ ቤቱም ያለውን የአቤቱታ መንገድ አስቀድሞ መጨረስ ይጠበቅበታል። እስከዚያ ማሳው መሠረት ተጥሎበት ሊሆን ይችላል።