በምግብ ቧንቧ ጀርባ የሚያልፈው ደም ቅዳ

ጎንደር የነገሥታት መናገሻና የሊቃውንት ማኅደር በነበረችበት ዘመን ሕመምተኛ ፈውስን የሚሻው በጠበል፣ በጸሎትና ሥር ቅጠል ከሚያውቁ አባቶች ዘንድ ሲሆን፣ አልፎ አልፎም ከባሕር ማዶ የመጣ ባለመድኃኒት በቤተ መንግሥቱ ደጅ ይታይ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ የተቈጠሩት በእርሱ ነውና፣ በ1699 ፈረንሳዊው ሻርል ፖንሴ ዐፄ ኢያሱን ሊያክም ከካይሮ ተጠርቶ መጣ፤ በ1770 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገብቶ፣ በእቴጌ ምንትዋብ ቍስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች አስታመመ።

ብሩስ ጎንደር ከመግባቱ 9 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1761፣ በእንግሊዝ አገር አንዲት የ62 ዓመት ሴት ከወጣትነቷ ጀምሮ እህል መዋጥ ሲያስጨንቃት ኖሮ፣ በመጨረሻው ምግብ አልወርድ ብሏት ሞተች። አስከሬኗ ሲመረመር ዴቪድ ቤይፎርድ የተባለው ሐኪም ያየው ነገር ዕጢም ቍስልም አልነበረም፤ ወደ ቀኝ ክንድ ደም የሚያደርሰው ዐቢይ ደም ቅዳ ከተለመደው መነሻው ተዛውሮ፣ በአየርና በምግብ ቧንቧ መካከል ተሻግሮ፣ የምግቡን ቧንቧ ተጭኖት ተገኘ እንጂ። ቤይፎርድ ይህን ታሪክ በ1787 ለለንደን የሕክምና ማኅበር አቀረበ፤ ጽሑፉም በ1794 ታተመ።

የነገሩ ምሥጢር ያለው በማኅፀን ነው። ከልብ የሚወጣው ታላቁ ደም ቅዳ አኦርታ፣ እንደ ፋሲል ግንብ በር ቅስት ጐብጦ ወደ ታች ከመውረዱ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ቅርንጫፎች ያወጣል፤ የመጀመሪያው ለቀኝ አንገትና ለቀኝ ክንድ በኋላ የሚከፈል፣ ሁለተኛው ለግራ አንገት፣ ሦስተኛው ለግራ ክንድ ነው። ፅንሱ በሚቀረጽበት ወራት ግን ሊኖር የሚገባው የደም ሥር ጠፍቶ ሊጠፋ የሚገባው ሲኖር፣ የቀኙ ክንድ ደም ቅዳ ከሁሉ በኋላ፣ ከቅስቱ ግራ ጫፍ ይወጣና ወደ ቀኝ ለመድረስ የግድ ይሻገራል። ከ100 ሰው በ1 ያህል እንዲህ ያለ ተፈጥሮ ይገኛል፤ ከእነዚህም በሚበዙት ሥሩ የሚያልፈው በምግብ ቧንቧና በጀርባ አጥንት መካከል ሲሆን፣ ቤይፎርድ እንዳየው በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል የሚያልፈው በጥቂቶቹ ነው። አብዛኞቹም አንዳች ሕመም ሳይሰማቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ ጥቂቶቹ ግን፣ ይልቁንም በእርጅና ሥሩ ሲደድርና ሲሰፋ፣ ጠንካራ ምግብ ደረታቸው ላይ እየተወተፈ ይሠቃያሉ።

ከቤይፎርድ በኋላ ይህ ሁሉ የሚታወቀው በአብዛኛው ከሞት በኋላ ነበር። በ1936 ጀርመናዊው ኮመረል በሕይወት ባለ ሰው ላይ፣ ባሪየም አስውጦ በኤክስሬይ እያየ፣ የሥሩን አሻራ በምግብ ቧንቧ ላይ ለይቶ አሳየ፤ በ1946 ደግሞ አሜሪካዊው ሮበርት ግሮስ ሥሩን በቀዶ ሕክምና ቈርጦ ሕፃን ማዳኑን ጻፈ።

ጎንደር ወደ ዘመናዊው የሕክምና ጥበብ የገባችው በመከራ በር ነው። በ1953 በደምቢያ የወረደው የወባ መቅሠፍት ሺሕዎችን ፈጅቶ ካለፈ በኋላ፣ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ጤና መኮንኖችና ነርሶችም ወደ ገጠሩ መውጣት ጀመሩ። ከ1978 ወዲህ ደግሞ የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ባገዙት ትምህርት ሐኪሞች እዚያው ጎንደር ላይ ይሠለጥኑ ጀመር፤ ሥነ አካልም ለደገኛው ልጅ በገዛ አገሩ ሊጠና ተቻለ።

ለሰሜን ጎንደር ደጋ መንገዱን የለወጠውን ደም ቅዳ ማወቅ የሩቅ ነገር አይደለም። ዝናብ አዮዲን አጥቦ በወሰደበት በዚያ ተራራማ አገር እንቅርት የቈየ ደዌ ነው፤ እንቅርት በቢላዋ ሲወጣ ደግሞ ሐኪሙ ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው የድምፅን ነርቭ ነው። በቀኝ በኩል ይህ ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደረት ወርዶ፣ በክንዱ ደም ቅዳ ሥር ታጥፎ ወደ ማንቁርት ይመለሳል፤ ደም ቅዳው መንገዱን በለወጠበት ሰው ግን የሚታጠፍበትን ስለሚያጣ ከአንገት በቀጥታ ወደ ማንቁርት ይገባል፤ በመጽሐፉ ሥዕል ብቻ የሚመራ እጅም ሳያውቅ ሊበጥሰው ይችላል። የጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያንን የአቋቋም ዝማሬ እየሰማ ላደገ ሕዝብ የድምፅ መጥፋት ምን ያህል ጉዳት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም።

በገጠራችን ጉሮሮው የታመመ ሕፃን አንዳንድ ጊዜ እንጥሉ ይቈረጣል፤ መንሥኤው ከደረት ውስጥ ለሆነ ሕመም ግን ይህ መቍረጥ ደምና ቍስል እንጂ ፈውስ አይጨምርም። ስለዚህ እህል አልወርድ ያለው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይመርመር፤ በጉሮሮው ላይ ምንም ስላልታየ ብቻም ደኅና ነህ ተብሎ አይሰናበት። የሕክምና ተማሪም የተለመደውን የሰው አካል ሲማር ከተለመደው የሚወጣውን አብሮ ይማር፤ ቤይፎርድ ያያት ሴት ከወጣትነቷ ጀምሮ የተሠቃየችበትን ነገር ያስታወቀን አስከሬኗ ነውና፣ ዛሬ ግን በሕይወት ያለውን ሰው ቃል አድምጦ መንሥኤውን የሚፈልግበት መሣሪያ በሐኪሙ እጅ አለ።