«ዱርዬ» የተባለችው ባዝራ

«ራፊያን» በእንግሊዝኛ ዱርዬ፣ ወሮበላ፣ ሰው ደብዳቢ እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ስም ነው ሚያዝያ 1972 ኬንታኪ ውስጥ፣ ክሌይቦርን በሚባል የፈረስ ማራቢያ ለተወለደች ባዝራ ያወጡላት። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጠራለን፤ መጽሐፉም ፊልሙም የሚናገረው በዚያ ስለሆነ እንዳንምታታ።) ጥቁር ለመባል ትንሽ የቀራት ዳማ፣ ከእኩዮቿ ገዘፍ ያለች፣ ዘሯም ለሩጫ ተብሎ ከሚረባው «ቶሮብሬድ» ነው። አባቷ ሪቪውወር ፈጣን ነበር፤ ግን በሩጫ ዘመኑ እግሩ ደጋግሞ ተሰብሯል። ይቺን ነገር ያዟት።

መጀመሪያ የሮጠችው ግንቦት 22 ቀን 1974 ኒውዮርክ፣ ቤልሞንት ፓርክ ላይ ነው። የፈረስ እሽቅድምድም ልዩነት የሚለካው በፈረስ ርዝመት ነው፤ አንዱ «ርዝመት» ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። በግማሽና በአንድ ርዝመት ማሸነፍ የተለመደ ነው፤ በአምስት ካሸነፉ ጋዜጣ ይጽፍላችኋል። ራፊያን የመጀመሪያ ውድድሯን በ15 ርዝመት አሸነፈች፤ የሜዳውንም ሪከርድ ተጋራች። በሕይወቷ ሮጣ የማታውቅ የሁለት ዓመት ልጅ!

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ለመተረክ ይሰለቻል፤ ምክንያቱም ሁሌም ያው ነው። በሩ ይከፈታል፣ ራፊያን ትመራለች፣ ውድድሩ ያልቃል። አስር ጊዜ ሮጣ አስሩንም አሸነፈች። ኦፊሴላዊው ምዝገባ በየውድድሩ የመሪውን ስም በተለያየ ርቀት ላይ ይይዛል፤ እነዚያ አስር ውድድሮች ውስጥ አንድም ቦታ ላይ ከእሷ ሌላ ስም በመሪነት አልተጻፈም። በ1974 መጨረሻ የኋላ እግሯ ላይ ስንጥቅ ተገኝቶ ለወራት አረፈች። በ1975 ተመልሳ የሦስት ዓመት ባዝራዎችን ሦስት ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልላ ወሰደች። የመጀመሪያው ወደ 1600 ሜትር፣ የመጨረሻው ወደ 2400 ሜትር ነው፤ አጭሩንም ረጅሙንም የቻለች ማለት ነው። በ1973 ቤልሞንት ላይ በ31 ርዝመት ያሸነፈውን ሴክሬታሪያትን ያሰለጠነው ሉሲየን ሎሪን ሳይቀር፣ ይቺ ከእሱ ልትበልጥ ትችላለች ብሎ መናገሩ ይጠቀሳል።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሚያሸንፋት ሲጠፋ ሰው ጥያቄ አወጣ፦ «ወንዶቹን ትችላለች ወይ?»

ጥያቄው ከአየር ላይ አልመጣም። በመስከረም 1973 ቢሊ ጂን ኪንግ የተባለችው የቴኒስ ኮከብ፣ ሴቶች ቴኒስ አይችሉም እያለ ሲያሾፍ የከረመውን የ55 ዓመቱን ቦቢ ሪግስን ሂዩስተን ላይ በሦስት ቀጥታ ሴት ረታዋለች። ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። የፈረስ እሽቅድምድም ነጋዴዎችም የራሳቸውን «የጾታ ጦርነት» ፈለጉ። የወንዶቹ ተወካይ የዚያን ዓመት የኬንታኪ ደርቢ አሸናፊ ፉሊሽ ፕሌዠር ሆነ። በመጀመሪያ የታሰበው የዓመቱን ሦስት ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፉትን ሦስቱንም ወንዶች ከእሷ ጋር ማሰለፍ ነበር። የአንደኛው ባለቤቶች አንፈልግም አሉ። የሌላኛው ፈረስ፣ የማስተር ደርቢ፣ ባለቤቶች ደግሞ ከጨዋታው እንዲወጡላቸው 50 ሺህ ዶላር ተከፈላቸው። አዎ፣ ፈረሳቸው እንዳይሮጥ! አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ሲሆኑ ለቴሌቪዥን ያምራላ።

እኛን የሚያንገበግበን ጥያቄው ቀድሞ የተመለሰ መሆኑ ነው። በጥቅምት 1974 ፓሪስ ላይ አሌ ፍራንስ የምትባል ባዝራ የአውሮፓን ትልቁን ውድድር፣ አርክ ደ ትሪዮምፍን፣ ወንዶቹን ጥላ ወስዳለች። ዳሊያ የምትባለው ሌላዋ ባዝራ እንግሊዝ ውስጥ የኪንግ ጆርጅን ውድድር በ1973ም በ1974ም ወንዶችን ቀድማ አሸንፋለች። አውሮፓ ሩቅ ነው ካላችሁ፣ ይህቺው ዳሊያ በ1974 አትላንቲክን ተሻግራ ኒውዮርክ ውስጥ፣ እዚያው ቤልሞንት ፓርክ፣ ወንዶችን አሸንፋ ሄዳለች። እውነት መልስ የፈለገ ሰው ያለፈውን ዓመት ጋዜጣ መግለጥ ይበቃው ነበር።

ሐምሌ 6 ቀን 1975 እሑድ። ከ50 ሺህ በላይ ሰው ቤልሞንት ገብቷል፤ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን በቴሌቪዥን ይከታተላል። ሽልማቱ 350 ሺህ ዶላር ነው፤ 225 ሺህ ለአሸናፊ፣ 125 ሺህ ለተሸናፊ። ፓናማዊው ጋላቢ ሃሲንቶ ቫስኬዝ የሁለቱም ፈረሶች የዘወትር ጋላቢ ስለነበር መምረጥ ነበረበት። እሷን መረጠ።

የሁለት ፈረስ ግጥሚያ ከተራ ውድድር ይለያል። ብዙ ሆነው ሲሮጡ ፈረስ ትንፋሽ ይሰበስባል፣ ከኋላ ሆኖ ጊዜውን ይጠብቃል። ሁለት ብቻ ሲሆኑ ግን ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ቀድሞ ለመምራት ትግል ነው፤ ማንም ማንንም አያስወጣም። በሩ ሲከፈት ራፊያን ትከሻዋን ከመነሻው ብረት ጋር አጋጨች፤ ግን ወዲያው ደረሰች፤ ከዚያም ቀደመች። የመጀመሪያዎቹን 400 ሜትሮች በ22 ሰከንድ ገደማ በረሩ። ግማሽ ርዝመት ያህል ስትመራ፣ 800 ሜትር እንኳ ሳይሞላ፣ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ተሰማ። የቀኝ የፊት እግሯ ቁርጭምጭሚት ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ አጥንቶች ነበሩ።

ቫስኬዝ ልጓሙን ሳበ። አልቆም አለች። ያንን እግር ይዛ መሮጧን ቀጠለች፤ አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ወጣ፣ አሸዋ ገባበት። ፉሊሽ ፕሌዠር ብቻውን ዞሮ ጨረሰ።

ለምን አጥንቱን ገጥመው ዝም ብለው አላስተኟትም? ፈረስ ለሳምንታት ጋደም ብሎ መዳን የሚችል እንስሳ አይደለም። ቆሞ ነው የሚድነው፤ ግማሽ ቶን ሥጋ በሦስት እግር ላይ ሲውል ደግሞ ደህነኞቹ ሰኮናዎች ይታመማሉ። ራፊያንን ቀዶ ሕክምና አደረጉላት፣ እግሯን በጀሶ አሰሩት። ከማደንዘዣው ስትነቃ ግን በተኛችበት ውድድሩን የቀጠለች ይመስል ትፈራገጥ ጀመር። ሰው ተባብሮ ሊይዛት አልቻለም። ጀሶውን ሰባበረችው፤ የተጠገነው ሁሉ ፈረሰ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ተጨማሪ ስቃይ እንዳይደርስባት ተብሎ በመርፌ ተገደለች። በማግስቱ ቤልሞንት ሜዳ ውስጥ፣ አፍንጫዋን ወደ መጨረሻው መስመር አድርገው ቀበሯት። በ2023 ሜዳው በአዲስ መልክ ሊሠራ ሲል አፅሟ ወጥቶ ወደተወለደችበት ወደ ክሌይቦርን ተወስዷል።

ገዳይዋ ግጥሚያው ነው ብለን አንፈርድም። በተራ ውድድርም እግር ይሰበራል፤ የአባቷን ታሪክ ነግረናችኋል፣ የራሷም የ1974 ስንጥቅ አለ። ቢሆንም ለተመለሰ ጥያቄ ያን ፍጥነት ከመጀመሪያዋ ሰከንድ እንድታወጣ ያደረጋት ሰው ነው። በማግስቱ ያለቀሰውም ያው ሰው ነው።

አንድ ደህና ነገር አለ። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ኒው ቦልተን በተባለው የእንስሳት ሆስፒታሉ፣ ፈረሶች ከማደንዘዣ ውሃ ላይ ተንሳፈው የሚነቁበት ገንዳ አለው፤ ቢፈራገጡም እግራቸው የሚመታው ነገር የለም። በ2006 የደርቢው አሸናፊ ባርባሮ እግሩ ሲሰበር በዚያ ገንዳ ውስጥ በሰላም ነቅቷል። (እሱም በጥር 2007 ሞተ፤ በሌሎቹ እግሮች ሕመም።)

በ1980 ደግሞ ጄኒዩን ሪስክ የምትባል ባዝራ ከ1915 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኬንታኪ ደርቢን አሸነፈች፤ ተፎካካሪዎቿ ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ርቀቱም ያው የእነ ራፊያን ርቀት፣ 2 ኪሎ ሜትር። አሰልጣኟ ሌሮይ ጆሊ ነበር፤ በ1975 ፉሊሽ ፕሌዠርን ያሰለጠነው ሰውዬ። ጀርባዋ ላይ የተቀመጠው ሃሲንቶ ቫስኬዝ ነበር።